የተተኪ እናት ስምምነት፦ ወላጅነት ከእርግዝና በፊት ይወሰን ወይስ ከወሊድ በኋላ?

አወያይ፦ ለክርክር የቀረበው ጥያቄ ይህ ነው። አንዲት ሴት ለሌሎች ልጅ ለመውለድ ስትስማማ የሕፃኑ ሕጋዊ ወላጆች ማንነት ከእርግዝናው በፊት በፍርድ ቤት ይወሰን ወይስ ከወለደች በኋላ ሐሳቧን የመለወጥ መብት ይኑራት? የእንቁላል ልገሳም ከጉዳዩ ስለማይነጠል አብሮ ሊነሳ ይችላል። ሃይማኖታዊውን ክርክር ለሌላ ጊዜ አቆይተን በሕጉ ላይ ብቻ እንድንወያይ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

የቤተሰብ ሕግ ጠበቃ፦ እኔ አስቀድሞ ይወሰን ባይ ነኝ፤ ምክንያቱም ወላጅነት ከወሊድ በኋላ በሙግት የሚለይ ከሆነ የሙግቱን ዕዳ የሚሸከመው ምንም ያልፈረመው ሕፃን ነው። እ.ኤ.አ. በጁላይ 2008 በሕንድ ጉጅራት የተወለደችውን ሕፃን ጉዳይ ተመልከቱ። ስምምነቱን የፈጸሙት ጃፓናውያን ባልና ሚስት ሕፃኗ ሳትወለድ ተፋቱ፤ ሚስትየዋም ልጅቷን እንደማትፈልግ አሳወቀች። እንቁላሉ የተገኘው ማንነቷ ካልተገለጸ ለጋሽ ነበር፤ የወለደቻት ሴት ደግሞ ድርሻዬን ፈጽሜያለሁ ብላ ነበር። የጃፓን ሕግ እናት የሚለው የወለደችውን ሴት ስለሆነ ሕፃኗ የጃፓን ፓስፖርት ልታገኝ አልቻለችም፤ በሕንድ በኩልም በልደት ምስክር ወረቀቷ ላይ በእናት ስም ቦታ ማን ሊጻፍ እንደሚገባ ግልጽ አልነበረም። የአባቷ እናት መጥተው እየተንከባከቧት ጉዳዩ እስከ ሕንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ፣ አያትና ልጅ ወደ ጃፓን የሄዱት በኖቬምበር ነው። ግሪክ እ.ኤ.አ. በ2002 ባወጣችው ሕግ ግን ፍርድ ቤት ስምምነቱን መርምሮ ፈቃድ የሚሰጠው ፅንሱ ወደ ማህፀን ከመግባቱ በፊት ነው። እንዲህ ሲሆን ሕፃኑ ወላጆቹ ታውቀውለት ይወለዳል።

አዋላጅ ነርስ፦ ጠበቃው ያነሱት ጉዳይ ያሳዝናል፤ ነገር ግን በዚያ ታሪክ ውስጥ ቃሏን ያጠፈችው የወለደችው ሴት አለመሆኗን ልብ ይበሉልኝ። በሥራዬ ብዙ ወላዶችን አዋልጃለሁ። ከእርግዝና በፊት የተሰጠ ፈቃድ በምጥ ሰዓት ስለሚመጣው ደም መፍሰስም ሆነ ሕፃኑ ደረቷ ላይ ሲቀመጥ ስለሚሰማት ነገር ሊያውቅ አይችልም። ለጉዲፈቻ የሚሰጥ የእናት ፈቃድ ከወሊድ በፊት ቢሰጥ በብዙ አገሮች አይጸናም፤ ለዚህች ሴት ጥበቃው የሚያንስበት ምክንያት አይታየኝም። በእንግሊዝ እንቁላሉ የሌላ ሴት ቢሆንም በሕግ እናት የምትባለው የተሸከመችው ናት፤ ወላጅነቱ ለጠያቂዎቹ እንዲተላለፍ የምትሰጠው ፈቃድም ሕፃኑ ስድስት ሳምንት ሳይሞላው ዋጋ የለውም። በአሜሪካ የኒው ጀርሲ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም እ.ኤ.አ. በ1988 የ10,000 ዶላር የተተኪ እናትነት ውል ውድቅ አድርጎ፣ በውሉ መሠረት የተወለደችው ልጅ ለጥቅሟ ሲባል ከአባቷ ጋር እንድታድግ ሲወስን የወለደቻትን ሴት እናትነት መልሶላታል። ፍርድ ቤቱ ውሉን ሳያጸና ለልጅቷ የሚበጀውን መወሰን እንደቻለ አስተውሉ።

ተተኪ እናት የምትፈልግ ሚስት፦ እህቴ፣ ስለ ስድስቱ ሳምንት ሲናገሩ ከእኔ ወገን ያለውንም ይመልከቱልኝ። ወላጅነቱን የሚያስተላልፈው የፍርድ ቤት ትእዛዝ የሚወጣው ከስድስቱ ሳምንት በኋላ በሚታይ ማመልከቻ ስለሆነ ጊዜው ወራት ይወስዳል። በዚያ ሁሉ ጊዜ ሕፃኑ ቀዶ ሕክምና ቢያስፈልገው የስምምነት ቅጹን የምትፈርመው ሕፃኑን የማታሳድገው ሴት ልትሆን ነው፤ በእቅፌ ያለው ልጅ፣ ያውም ከገዛ እንቁላሌ የተፀነሰው፣ በሕግ ዓይን ባዳዬ ነው። የካሊፎርኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1993 አንዷ እንቁላሉን ሰጥታ ሌላዋ ስትወልድ እናትነቱን የለየው ልጁን ለማሳደግ አስባ የተነሳችው ማን ናት ብሎ ነው። ለእኔ ይህ ፍትሐዊ ነው።

በለጋሽ እንቁላል የወለደች እናት፦ በዚህ መመዘኛ እኔም እናት ነኝ፤ በመውለድ መመዘኛም እንደዚሁ። ለእኔ የከበደው ለልጄ የምነግረው ነው። ስዊድን በወንድ ዘር ለጋሾች ላይ እ.ኤ.አ. በ1985፣ እንግሊዝ ደግሞ ከኤፕሪል 2005 ጀምሮ በእንቁላል ለጋሾችም ላይ ምስጢራዊነትን አንስተዋል፤ በእንግሊዝ ልጁ 18 ዓመት ሲሞላው የለጋሿን ማንነት መጠየቅ ይችላል። ስለዚህ ለጋሿ የወላጅነት መብትም ግዴታም እንደሌላት በጽሑፍ መስፈሩ ብቻውን አይበቃም፤ አንድ ቀን በሯ ሊንኳኳ እንደሚችል ከመፈረሟ በፊት ሊነገራት ይገባል። በዘረመል ምርመራ ዘመድ ማፈላለግ በተስፋፋበት ጊዜ፣ ሕጉ ምስጢር ነው በሚልባቸው አገሮችም ቢሆን ማንነትሽ አይታወቅም ብሎ ለለጋሿ ቃል መግባት እሷን ማታለል ይመስለኛል።

የቤተሰብ ሕግ ጠበቃ፦ ለአዋላጇ ልመልስ። አስቀድሞ ይወሰን የምለው ወላጅነቱን ብቻ ነው። በእርግዝናው ጊዜ ስለ ተተኪ እናቷ ሰውነት የሚወስነው ከራሷ በቀር ማንም ሌላ ሰው ሊሆን አይገባም፤ በቀዶ ሕክምና ትውለድ፣ ፅንሱ ይቋረጥ ወይም ይቀጥል የሚል አንቀጽ በውል ቢጻፍ እንኳ ፍርድ ቤት ሊያስፈጽመው አይገባም። ፈቃድ ከመስጠቱ በፊትም ዳኛው ራሷ የመረጠችው ጠበቃ እንዳላት፣ የሕክምናና የሕይወት መድን እንደተገባላት፣ የወለደችው ሌላ ልጅ እንዳላት ያጣራ። ክልከላ ብቻውን ችግሩን እንደማይፈታም የፈረንሳይ ጉዳይ ያሳያል፤ አገሪቱ ተተኪ እናትነትን ብትከለክልም በካሊፎርኒያ የተወለዱ መንታ ልጆችን የወላጅነት ዝምድና አልቀበልም በማለቷ፣ እ.ኤ.አ. በ2014 የአውሮፓ የሰብአዊ መብቶች ፍርድ ቤት የልጆቹን የግል ሕይወት መብት ጥሳለች ሲል ፈርዶባታል።

አዋላጅ ነርስ፦ በመድኑና በጠበቃው እስማማለሁ፤ ጠበቃዋን ጥንዶቹ ይክፈሉላት እንጂ አይምረጡላት። የሚስትየዋም የሕክምና ፊርማ ጭንቀት እውነት ነው፤ እሱን ግን ወላጅነቱን ሳይነኩ፣ ከልደት ቀን ጀምሮ ጊዜያዊ የአሳዳሪነት ሥልጣን በመስጠት መፍታት ይቻላል። ከዚያ በተረፈ ስድስቱን ሳምንት አልለቅም። ዳኛው ከመፀነሷ በፊት ያነጋገራት ሴት እንደገና በዚያው ዳኛ ፊት ቀርባ፣ አሁን ወልጃለሁ፣ አሁንም ፈቃዴ ነው ብትል ጥንዶቹ የሚያጡት ጥቂት ሳምንታት ነው። አይደለም ካለች ደግሞ ዳኛው የኒው ጀርሲው ፍርድ ቤት እንዳደረገው ለሕፃኑ የሚበጀውን መርምሮ ይወስን።