የደሴው ጠላ ኮምቦልቻ ሲወርድ ለምን ቶሎ ይኮመጥጣል? ጠላና ቢራንስ ሳያዳሉ እንዴት ይቀምሳሉ?

ጠያቂ (ኮምቦልቻ)፦

ጤና ይስጥልኝ። ተወልጄ ያደግሁት ደሴ ሆጤ ሲሆን፣ በሥራ ምክንያት ወደ ኮምቦልቻ ከወረድሁ ሁለት ዓመት ሊሆነኝ ነው። ጠላ መጥመቅን የተማርሁት ከእናቴ ነው፤ እስከ ዛሬም ከእርሷ መንገድ አልወጣሁም። ጌሾውን ወቅጬ በውሃ እዘፈዝፋለሁ፤ በሦስተኛው ቀን ብቅልና ቂጣ ጨምሬ እጠነስሳለሁ፤ ከዚያም አሻሮውን ቆልቼ፣ አስፈጭቼ፣ እንኩሮውን አዘጋጅቼ እደፈድፋለሁ። ጌሾውም ብቅሉም ከደሴ ሰኞ ገበያ የሚገዛልኝ ስለሆነ በእህሉ በኩል ልዩነት አለ ብዬ አላምንም። ሆኖም እናቴ ቤት ስምንት ቀን የሚወስደው ድፍድፍ እኔ ቤት በአራት ቀን ፈልቶ ያበቃል፤ ውሃ ሞልቼ ጋኑን ከከፈትሁ በኋላም ጠላው በሦስተኛው ቀን ይኮመጥጣል። ባለፈው ወር ለማኅበር ያዘጋጀሁት ጠላ እንግዶቼን ስላሳፈረኝ መፍትሔውን ከልብ እፈልጋለሁ።

ሁለተኛው ጥያቄዬ ስለ አቀማመስ ነው። ወንድሞቼ ሲሰበሰቡ የእናቴን ጠላ፣ የእኔን ጠላና ሁለት ዓይነት የጠርሙስ ቢራ ጎን ለጎን አቅርቤ አስተያየታቸውን ጠይቄ ነበር። የትኛው የማን እንደሆነ አስቀድመው ስላወቁ ግን ሁሉም የእናቴን አመሰገኑ። ሳያዳሉ ለመቅመስ የሚያስችል መንገድ የምታውቁ ብታካፍሉኝ አመሰግናለሁ።

መልስ (ደሴ፣ አራዳ)፦

ልጄ፣ እኔ ከሠላሳ ዓመት በላይ ጠላ ጠምቄያለሁና ያየሁትን ልንገርሽ። ስለ እህሉ ብዙ ጻፍሽ፤ ስለ ጋኑ ግን አንድም ቃል አላልሽም። የሸክላ ጋን የቀደመውን ጠላ በሆዱ ይዞ ይቆያል። በግራዋ ቅጠል በደንብ ታሽቶ ታጥቦ፣ ፀሐይ ላይ ደርቆ፣ በወይራ እስኪሞቅ ካልታጠነ የአሮጌው ኩምጣጤ ወደ አዲሱ ይተላለፋል። ከወይራው መዓዛ በፊት የሚቀድመው ጥቅም የጋኑን ሆድ ማድረቁና ማጽዳቱ ነው። በፕላስቲክ በርሜል የምትጠምቂ ከሆነም በሽቦ አትፈትጊው፤ በጭረቱ ውስጥ የሚገባው ቆሻሻ በምንም አይወጣም።

ሌላው የጋኑ አፍ ነው። የእኛ እናቶች ውሃ ከሞሉ በኋላ አፉን በጭቃ የሚመርጉት ያለ ምክንያት አልነበረም። አንቺ ከከፈትሽ በኋላ በየቀኑ እየቀዳሽ ክዳኑን ላላ አድርገሽ የምትተዪው ከሆነ በሦስተኛው ቀን መኮምጠጡ አይገርምም። ለማኅበር ሲሆን በአንድ ትልቅ ጋን ፋንታ በሁለት እንስራ ሙዪውና አንዱ ሳያልቅ ሌላውን አትክፈቺ። ጉሹን ለሚወድ ቀድተሽ ስታበቂ አተላው ላይ ውሃ ጨምረሽ የምታወጪውን ቅራሪም ከዋናው ጠላ ጋር አትቀላቅዪው፤ ቅራሪ ቀጭን ስለሆነ ቶሎ ይበላሻል፣ ዋናውንም ያበላሻል።

መልስ (ኮምቦልቻ)፦

በአንድ የቢራ ፋብሪካ ቤተ ሙከራ ውስጥ ለዓመታት የሠራሁ ሰው ነኝ። እትዬ ስለ ጋኑ በጻፉት ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ፤ እኔ በሙቀቱ ላይ ልጨምር።

ደሴ በ2,500 ሜትር ገደማ፣ ኮምቦልቻ ደግሞ በ1,850 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ይገኛሉ። ከፍታ በ1,000 ሜትር ሲቀንስ አየሩ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ያህል ስለሚሞቅ፣ የሐረጎን ቁልቁለት ወርደው ኮምቦልቻ ሲደርሱ ልዩነቱ 4 ዲግሪ ገደማ ይሆናል። እርሾ ሙቀት ሲጨምርለት ይፈጥናል፤ በግምት 10 ዲግሪ ሲጨምር ፍጥነቱ እጥፍ ይሆናል ብንል፣ በ4 ዲግሪ ብቻ የስምንት ቀኑ ድፍድፍ ወደ ስድስት ቀን ቢወርድ እንጂ አራት ቀን ሊሆን አይገባውም። ስለዚህ ቀሪው ሙቀት ከከተማው ሳይሆን ከቤትዎ የመጣ ይመስለኛል። ጋኑ የተቀመጠው የት ነው? ከቆርቆሮ ጣሪያ ሥር፣ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ከሚመታው ግድግዳ አጠገብ ወይም ከምድጃ ጎን ከሆነ ምክንያቱን አገኙት ማለት ነው።

ኩምጣጤውንም በአፍንጫ መለየት ይቻላል። አቼቶ አቼቶ የሚሸት ከሆነ አየር የሚፈልጉ ባክቴሪያዎች አልኮሉን ወደ አሲድ ለውጠውታልና ጥፋቱ የክዳኑ ነው። ሽታው ለስላሳ ሆኖ እንደ እርጎ የሚኮመጥጥ ከሆነ ግን አየር ሳይፈልጉ የሚባዙ ባክቴሪያዎች ሥራ ስለሆነ ክዳን ብቻውን አያድነውም፤ ንጽሕናና ቅዝቃዜ ያስፈልጋል። ጌሾ እነዚህን ሁለተኞቹን በመጠኑ ስለሚገታ በሞቃት ወቅት መጠኑን ትንሽ ከፍ ማድረግ ይረዳል፤ ሲበዛ ግን ምሬቱ ሌላውን ጣዕም ሁሉ ይሸፍናል።

አሁን ወደ አቀማመሱ። ጠላን ከጠርሙስ ቢራ ጋር በአንድ ረድፍ አቅርቦ «የትኛው ይበልጣል» ብሎ መጠየቅ ሁለቱንም መበደል ነው ብዬ አምናለሁ። ገበያችን ላይ በብዛት ያለው የጠርሙስ ቢራ ላገር የሚባለው ነው፤ በ8 እና በ14 ዲግሪ መካከል በቀዝቃዛ ቦታ ቀስ ብሎ ፈልቶ፣ ከዚያም ዜሮ ዲግሪ አካባቢ ለሳምንታት እንዲጠራ የሚቀመጥ፣ ምሬቱንም ከሆፕ አበባ የሚያገኝ መጠጥ ነው። ጠላ ደግሞ የተቆላ እህል፣ የጢስና የጌሾ መጠጥ ነው። ጠላን ከጠላ፣ ላገርን ከላገር ጋር ያነጻጽሩ።

ሁለት ጠላዎች በእርግጥ ይለያዩ እንደሆነ ለማወቅ በሙያው የሚሠራበት ዘዴ የሦስት ኩባያ ፈተና ነው። ለእያንዳንዱ ቀማሽ ሦስት ኩባያ ያቀርባሉ፤ ሁለቱ ከአንድ ጋን፣ አንዱ ከሌላው ጋን የተቀዳ ይሆናል። ቀማሹ የሚጠየቀው የተለየውን እንዲጠቁም ብቻ ነው። ምንም ያልለየ ሰው እንኳ በግምት ከሦስት አንድ ጊዜ ስለሚያገኘው፣ ስድስት ሰዎች ቢቀምሱ ሁለቱ ማግኘታቸው ምንም አያስረዳም፤ ልዩነት አለ ለማለት ከስድስቱ ቢያንስ አምስቱ ማግኘት አለባቸው። ኩባያዎቹ ቀለም የማያሳዩ ይሁኑ፤ መቅዳቱ ከቀማሾቹ ዓይን ርቆ ይከናወን፤ ሦስቱም እኩል የቀዘቀዙ ይሁኑ። ከእያንዳንዱ ሩብ ኩባያ ይበቃል። በርበሬ የበዛበት ወጥ በልቶ ወይም ቡና ጠጥቶ ወዲያው መቅመስ ምላስን ያደነዝዛል። ላገር በሚያነጻጽሩበት ቀን ደግሞ ከማቀዝቀዣ አውጥተው ጥቂት ደቂቃ ያቆዩት፤ በጣም የቀዘቀዘ ቢራ ጉድለቱን ይደብቃል።

መልስ (ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ)፦

እኔ የምጠምቀው ቀሪቦ ነው፤ ለዒድም ለእንግዳም። ገብሱን አጥቁሬ ቆልቼ፣ አፍልቼና አጥልዬ ስኳርና እርሾ እጨምርበታለሁ። ኮምቦልቻ እህቴ ቤት ስሠራው እንደ ደሴ ካሳደርሁት ጠዋት ይኮመጥጣል፤ ስለዚህ እዚያ የማዘጋጀው በዚያው ቀን ማለዳ ነው።

መልስ (ደሴ)፦

አንድ ማስጠንቀቂያ ላክልበት። አንዳንድ ሰዎች ጠላ እንዳይኮመጥጥ ሲሉ ገና እየፈላ በቢራ ጠርሙስ ሞልተው አጥብቀው ይከድኑታል። እርሾው ገና ስኳር እየበላ ስለሆነ ጋዙ ጠርሙሱን ሊያፈነዳው ይችላል፤ እኔ ቤት ሁለት ጠርሙስ በሌሊት ፈንድቶ ስብርባሪው ግድግዳው ላይ ተሰክቶ አግኝተነዋል። መፍላቱ ማብቃቱን ማወቅ ከፈለጉ የፈሳሽን ጥግግት የሚለካው ሃይድሮሜትር ይጠቅማል። ንባቡ ለሦስት ተከታታይ ቀናት ካልተለወጠ መፍላቱ አብቅቷል ማለት ነው። የመጀመሪያውን ንባብ ከመጨረሻው ጋር ማነጻጸርም የአልኮሉን መጠን በግምት ይነግርዎታል፤ ለምሳሌ ከ1.040 ወደ 1.010 ከወረደ ልዩነቱ 0.030 ሲሆን፣ በ131 ሲባዛ ወደ 4 በመቶ ይጠጋል። ድፍድፍ ግን ወፍራም ስለሆነ በነጠላ ሳያጠልሉ መለካት የተሳሳተ ቁጥር ይሰጣል።

ጠያቂ (ኮምቦልቻ)፦

ለሁላችሁም ከልብ አመሰግናለሁ። ጋኔ የቆመው እንጀራ ከምጋግርበት ምድጃ በስተጀርባ፣ ከግድግዳው ማዶ ነበር፤ ግድግዳውን በእጄ ስዳስሰው እስከ ምሽት ሙቀቱን አይለቅም። ጋኑን በግራዋ አጥቤ፣ አጥኜ፣ ወለሉ ቀዝቃዛ ወደሆነው ጓዳ አዛወርሁት፤ አፉንም መረግሁት። ድፍድፉ በስድስተኛው ቀን ደረሰ፤ ጋሼ ያሰሉት ቁጥር መሆኑ አስደንቆኛል። በሁለት እንስራ ከፋፍዬ ያስቀመጥሁት ጠላም እስከ አምስተኛው ቀን ሳይኮመጥጥ ቆየ።

የሦስቱን ኩባያ ፈተናም ባለፈው እሑድ ከደሴ በመጣው የእናቴ ጠላና በእኔው አደረግሁት። ከስድስቱ ቀማሾች የተለየውን ያገኙት አራት ናቸው፤ አምስት ስላልሞሉ ልዩነት አለ ብዬ አልደመድምም። ካገኙት አራት መካከል ሦስቱ ግን ምክንያታቸውን ሲጠየቁ አንድ ነገር ተናገሩ፦ የእናቴ ጠላ የወይራ ጢሱ ጠንከር ይላል። ለሚቀጥለው ወር ማኅበር ከእናቴ ዘንድ ወይራውን አስልኬ፣ እርሷ የምታጥንበትን ያህል ጊዜ አጥኜ እንደገና እናስቀምሳለን፤ ውጤቱንም እዚሁ እጽፋለሁ።