«ጫጩቶቹ ጭጭ አሉ» ሲባል ጮኹ ነው ወይስ ዝም አሉ?

የአዘዞው፦
ሰላም ለሁላችሁ። አያቴ ይነግሩን የነበሩትን ተረቶች በኮምፒውተር እየጻፍኩ ነው። እኅቴ ልጅ ሳለች በደብተር ጽፋቸው ስለነበር የምገለብጠው ከዚያ ነው። አንዱ ላይ እንዲህ ይላል፦ «ጭልፊቱ በግቢው ላይ ሲያንዣብብ ዶሮዋ ቅርርር አለች። ጫጩቶቹም ጭጭ አሉ። ያን ጊዜ ሁሉም እንዳሉ አወቀች።» ያስቸገረኝ «ጭጭ» የሚለው ነው። ጫጩቶቹ ድምፅ አሰምተው መለሱላት ወይስ ዝም አሉ? ዝም ካሉ ሁሉም መኖራቸውን በምን አወቀች? ከጮኹስ ጭልፊቱ አይሰማቸውም? አያቴ ዐርፈዋል፤ እኅቴም አታስታውሰውም።

ዘበዓታ፦
ጭጭ አለ ማለት ዝም አለ ማለት ነው። «ጭጭ ምጭጭ» ሲባል ሰምተህ አታውቅም? ይህ ጥያቄ የሚሆን አይመስለኝም።

የቁስቋሟ፦
ጥያቄማ ነው። ጫጫታ፣ መንጫጫት፣ ጫጩት፣ ጩኸት፤ በጭ የሚጀምረውን ሁሉ ብትሰበስበው አብዛኛው ድምፅ ነው። አሁን ደግሞ ተመልከት። ጫጩት ጭው ጭው ይላል፣ ጆሮም ጭው ይላል፤ ነገር ግን «ጭው ያለ በረሃ» ስንል ድምፅ የሌለበት ማለታችን ነው። ፌንጣ ጭርር ይላል፤ ሰው የሌለበት ቤትም ጭር ይላል። ሌሊቱ ረጭ ሲል እንኳ ጭ አለችበት። ዝምታንና የወፍ ጩኸትን በአንድ ፊደል ያሠራን ምን ይሆን? እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ የሚገርመኝ ይህ ነው።

ባለ ግስ፦
እኅቴ፣ መልሱ ያለው ከግዕዝ ነው። የግዕዙ ጸ እና ፀ በአማርኛ አንዳንድ ጊዜ ጨ ይሆናሉ፤ ፄው ጨው ሆኗል፣ ዕፅ እንጨት ሆኗል። ስለዚህ የዝምታው ጭጭ የመጣው ከጽሙም ነው፤ ጽሙም ደንቆሮ፣ የማይሰማ። የጩኸቱ ጭ ደግሞ ከጸርሐ ነው፤ ጸርሐ ጮኸ። ሁለት የተለያዩ ሥሮች በአንድ ፊደል ተገናኙ እንጂ አንድ ቃል አይደሉም።

ዘበዓታ፦
መምህር፣ ከጽሙም ከሆነ ማይ፣ ማለትም መ ፊደሉ፣ የት ሄደ?

ባለ ግስ፦
«ጭጭ ምጭጭ» ውስጥ አለልህ!

ዘበዓታ፦
ይህን እንኳ አልቀበልም። «ምጭጭ» ቤት እንዲመታ የተጨመረ አጃቢ ነው። በአጃቢ ሥር አይቆጠርም። እንዲህማ ከሆነ ጮኸንም ከጸውዐ (ጠራ) ልናመጣው ነው፤ ዓይኑ፣ ማለትም ዐ ፊደሉ፣ ግን በአማርኛ ይጠፋል እንጂ ኸ አይሆንም።

ወፍ ተመልካች፦
ከግስ ወጥተን ወደ ዶሮዋ ብንመለስ? ዶሮ አደጋን የምታስጠነቅቅበት ድምፅ አንድ ዓይነት አይደለም፤ ከሰማይ ለሚመጣውና በምድር ለሚመጣው የተለያየ ነው። ጭልፊት ስታይ ያንን ስታሰማ ጫጩቶቹ ወይ ወደ ጥላ ይገባሉ ወይ ባሉበት ልጥፍ ብለው ይቀራሉ፤ ድምፅ የለም። ሌላው ደግሞ ከእናቱ የተለየ ጫጩት ዝም አይልም። አንገቱን ሰግጎ፣ ከዕለት ድምፁ በጣም የጎላውን ጩኸት ደጋግሞ ያሰማል። ስለዚህ እናትየዋ ዝምታውን ሰምታ ነው ሁሉም ከአጠገቧ እንዳሉ ያወቀችው፤ የጎደለ ቢኖር ይጮኽ ነበር። አያትህ ዶሮ ያረቡ ሰው መሆን አለባቸው።
በጎንደር በጥምቀተ ባሕሩ ግንብ ላይ ሥራቸውን የዘረጉትን ዛፎች የምታውቁ፣ ማለዳ ሄዳችሁ ስሙ። ወፉ ሁሉ ሲንጫጫ ቆይቶ በመሐል አንዲት አጭር፣ ስለታም «ጭ!» ትሰማለች፤ ከዚያ በኋላ ቅጠል እንኳ አይንኮሻኮሽም። ቀና ስትሉ ጭልፊቱን ታያላችሁ። ለእኔ የቁስቋሟ ጥያቄ መልስ እዚያ ነው፤ ዝም የሚያሰኘው ድምፅ ራሱ የዝምታው ስም ሆነ።

ዘበዓታ፦
እኔ የማልስማማው «ዶሮዋ ቅርርር አለች» በሚለው ነው። ዶሮ ታሽካካለች እንጂ ቅርርር አትልም።

የቁስቋሟ፦
ማሽካካትማ እንቁላል ጥላ ስትነሣ ነው፤ ፈረስም ያሽካካል። ጥሬ አግኝታ ልጆቿን ስትጠራ ግን ቁ ቁ ቁ ትላለች። ጭልፊት ስታይ ጉሮሮዋን ዘግታ ቅርርር ትላለች፤ እናቴ ጓሮ ስሰማው ያደግሁት ነው።

ባለ ግስ፦
ግዕዙ ለዚህ ሁሉ ነቀወ አለው። «ነቀወ ዶርሆ» የሚለውን በጴጥሮስ ክህደት ላይ የማያውቅ የለም። አማርኛው «ዶሮ ጮኸ» ብሎ አሳነሰው፤ ሰውም ይጮኻል፣ ውሻም ይጮኻል።

ዘበዓታ፦
ያ አውራ ዶሮ ነው። ሌሊቱን የሚከፍለው ጩኸት እንጂ እናት ልጆቿን የምታስጠነቅቅበት አይደለም። አቋቋም ቤት፣ የቤተ ክርስቲያን ዜማና ሽብሸባ ሲማር፣ ያደረ ሰው ይህን አይስትም።

ባለ ግስ፦
አቋቋም ያወቀ ሁሉ ግስ ያውቃል ማለት አይደለም፣ ወንድሜ። ወደ ጎንደሩ በዓታ ደብር የሚኬደው ለዝማሜው፣ በመቋሚያ ለሚዜመው፣ ነው እንጂ ለግሱ ወደ ጎጃም ይኬዳል።

የቁስቋሟ፦
እባካችሁ ጎጃምና ጎንደር ውስጥ አትግቡብን። አማርኛ ድሃ ነው የሚለውም አይዋጥልኝም። አማርኛ ለእያንዳንዱ ድምፅ ግስ አላበጀም፤ ድምፁን እንዳለ አንሥቶ «አለ» ይልበታል። ላም እምቧ አለች፣ ድመት ሚያው አለች፣ ዶሮዋ ቅርርር አለች። ግዕዙስ ቢሆን እሺ አለ ለማለት «ኦሆ» ብሎ «ይቤ» (አለ) ያስከትል የለም? ድምፁን ከነሕይወቱ ማቆየት ማሳነስ አይደለም።

ወፍ ተመልካች፦
የአዘዞው፣ አንድ ነገር ንገረን። ዝምታው ከሆነ ሁለተኛው ጭ ይጠብቃል። የጫጩት ድምፅ ከሆነ ጭ፣ ጭ እየተባለ ላልቶና ተለያይቶ ይነገራል። በደብተሩ ላይ እንዴት ነው?

የአዘዞው፦
እኅቴ በቃላት መካከል ሁለት ነጥብ ታደርግ ነበር። እዚህ ላይ በሁለቱ ጭ መካከል ምንም የለም፤ ተያይዞ ነው የተጻፈው።

ዘበዓታ፦
እንግዲያው ከመጀመሪያው ያልኩት ነው።

ባለ ግስ፦
የልጅ ጽሑፍ ማስረጃ አይሆንም። ይልቅ «የጨረባ ተዝካር» የሚባለውን ጨረባ አስቡት። ሕዝቅያስ ታሞ በተነሣ ጊዜ በጸለየው ጸሎት፣ ኢሳይያስ 38፥14 ላይ፣ እንደ ጨረባ ተንጫጫሁ፣ እንደ ርግብም አጕረመረምሁ ይላል። ጨረባ ወፍ ከሆነ ጭርርታዋ ነው ስሟን ያወጣላት?

የቁስቋሟ፦
መምህር፣ ይህኛው ደስ ይላል። ግን ጨረባን አይቷት የሚያውቅ ሰው አለ? እኛ ቤት ጫጫታ ሲበዛ ነው ስሟ የሚነሣ።