ፈላፍል በሀገራችን ሽምብራ፦ ተቀቅሎ ወይስ ጥሬውን?

ጥያቄ (ከደሴ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። ለጎረቤት አፍጥር ፈላፍል (ከተፈጨ ሽምብራ ተድቦልቡሎ የሚጠበስ) እና ሁሙስ (ከሽምብራና ከሰሊጥ የሚሠራ ማባያ) ሠርቼ ልልክ አስቤያለሁ። የሚጾሙ ክርስቲያኖችም ስላሉ እንቁላል ባይገባበት እመርጣለሁ። ሽምብራው ይቀቀላል ወይስ ጥሬውን ይፈጫል?

መልስ፦
አብሽሪ እህቴ፣ እንቁላል አይፈልግም። ለፈላፍል ግን እንዳትቀቅዪው! የተቀቀለ ሽምብራ ስታርቹ (የሚያጣብቀው ክፍሉ) አስቀድሞ ስለበሰለ ማያያዣ አይሆንም፤ ዘይት ውስጥ ይበተናል። ግማሽ ኪሎ ደረቅ ሽምብራ ከ12 እስከ 18 ሰዓት ዘፍዝፊ፤ ስለሚያብጥ ዕቃው ሰፊ ይሁን። አጥልለሽ በጨርቅ አድርቂው። ከ1 ቀይ ሽንኩርት፣ ከ4 ፍንካች ነጭ ሽንኩርት፣ ከአንድ እፍኝ የድንብላል ቅጠል፣ ከ2 የሻይ ማንኪያ ከሙንና ከጨው ጋር በሥጋ መፍጫ ፍጪ። እንደ ቅንጬ ሻከር ብሎ ሲጨበጥ የሚያያዝ ይሁን፤ ከላመ ውስጡ ሊጥ ሆኖ ይቀራል። 1 ሰዓት ከቀዘቀዘ በኋላ አድቦልቡለሽ በጋለ ዘይት 4 ወይም 5 ደቂቃ ጥበሺ። መጀመሪያ አንዷን ብቻ ሞክሪ። ከፈረሰች 1 ማንኪያ የሽምብራ ዱቄት ጨምሪ።

ሌላ መልስ፦
ሁሙሱ ተቃራኒው ነው፤ በጣት ሲነካ እስኪፈርስ ይቀቀላል። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ በተራ ድስት ቶሎ ስለማይበስል ብዙ ማገዶ ይፈጃል። በፕሬዠር ድስት፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ ጨምረሽ ቀቅዪው። የሀገራችን ቡናማ ሽምብራ ገለባው ወፍራም ስለሆነ አሽተሽ አውጪለት፣ አለዚያ አይልምም። ሁሙሱ ውስጥ የሚገባውን ሰሊጥ ከመፍጨትሽ በፊት ሞቅ ብቻ አድርጊው፤ ካረረ ይመራል።

ሌላ መልስ፦
ስትልኪ ፈላፍሉን በትኩሱ አትክደኚው፣ እንፋሎቱ ያልመሰምሰዋል። ሁሙሱን ለብቻው በሌላ ዕቃ።