አደይ አበባና ኑግ በአንድ ቤተሰብ የተመደቡት ለምንድን ነው?

ጥያቄ፦ የዕፅዋት ተመራማሪዎች አደይ አበባን፣ ኑግንና ሱፍን በአንድ ቤተሰብ የሚመድቡት ሦስቱም ቢጫ ስለሆኑ ነው ወይስ ሌላ መለያ አለ?

መልስ 1፦ ቀለም ደካማ መለያ ነው፤ የጎመን አበባም ቢጫ ሆኖ ሳለ አራት የአበባ ቅጠሎችና ስድስት ወንዴ ክፍሎች ስላሉት ቤተሰቡ ሌላ ነው። አደይን በጥፍርዎ ሰንጥቀው ቢመለከቱ ግን፣ አንድ አበባ የመሰለዎት ነገር የብዙ ጥቃቅን አበቦች ስብስብ መሆኑን ያያሉ፤ የመካከሎቹ ቱቦ መሳይ ሲሆኑ፣ እንደ ምላስ የተዘረጉት የዳሮቹ ናቸው። ኑግም እንዲሁ ነው፤ ሱፍም የብዙ ጥቃቅን አበቦች ስብስብ ነው።

መልስ 2፦ በቤተሰቡ ውስጥ ደግሞ ፍሬው ይለያል። የአደይ ወገን የሆነው ጭጎጎት ልብስ ላይ የሚጣበቅበት እሾህ በፍሬው ጫፍ ሲኖረው፣ የኑግ ፍሬ ጫፍ ግን ባዶ ነው።

መልስ 3፦ ስዊድናዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ሊኒየስ በ1753 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ሥራ በዋናነት ወንዴና ሴቴ ክፍሎችን ይቆጥር ነበር፤ ዛሬ ምደባው በዘረመል ጭምር ይፈተሻል።