ኦርካዎችን ለማየት ምን ያህል እንቅረብ?

ሂሩት፦
ባለፈው ቅዳሜ ከአገር ቤት የመጣችውን እናቴን ይዤ ከሲያትል በስተሰሜን ባሉት የሳን ህዋን ደሴቶች መካከል በአነስተኛ መርከብ ስንጓዝ ዋልን። እናቴ ደብረ ማርቆስ ተወልዳ ያደገች ናት፤ ባሕር ያየችው በአውሮፕላን መስኮት ብቻ ነበር። ረፋዱ ላይ ኦርካ የተባሉት ግዙፍ የባሕር አዳኝ እንስሳት ጥቁር ክንፍ ከሩቅ ብቅ አለ። ሁላችንም ወደ አንድ ጎን ስንሮጥ ካፒቴኑ ፍጥነቱን ቀንሶ መርከቧን አዞረ። «እነዚህ ደቡባዊ ነዋሪ የሚባሉት ናቸው፤ መጠጋት አይፈቀድም» አለን። ብዙ ሰው ተቆጣ፤ ገንዘባችን ይመለስ ያሉም ነበሩ።

የዋሽንግተን ግዛት ሕግ ከፈረንጆቹ ጥር 2025 ጀምሮ ጀልባዎች ከእነዚህ ኦርካዎች 1,000 ያርድ እንዲርቁ ያዛል፤ ከ900 ሜትር በላይ ማለት ነው። እኔ ሕጉን እደግፋለሁ። እናንተስ?

ዳዊት፦
እኔ አልደግፍም። ሰው የሚቆረቆረው በዓይኑ ላየው ነገር ነው። ልጆቼ ኦርካን የወደዱት አጠገባቸው ስትተነፍስ ሰምተው እንጂ በትምህርት ቤት ሥዕል አይደለም። ደግሞስ ባሕሩን የሚያናውጡት እነዚህ ትንንሽ የጉብኝት ጀልባዎች ናቸው? ግዙፍ የጭነት መርከቦች በተመደበላቸው መስመር ሌት ተቀን ሲያልፉ ይህ ሕግ አይመለከታቸውም። አቅም ያለው ሲታለፍ ትንሹ ይቀጣል።

አልማዝ፦
ወንድሜ ዳዊት፣ አዋላጅ ነኝና የእናቶቹ ነገር ያንገበግበኛል። ኦርካ የምታድነው በድምፅ ነው። ድምፅ ትለቃለች፤ ከዓሣው ላይ ነጥሮ የሚመለሰውን ሰምታ ትከተላለች። የሞተር ጩኸት ያንን ይሸፍንባታል። ተመራማሪዎች በአካላቸው ላይ መሣሪያ ለጥፈው ሲከታተሉ፣ ጀልባ ከ400 ያርድ በታች ሲቀርብ በተለይ ሴቶቹ አደን እንደሚያቋርጡ አይተዋል። ያልበላች እናት እንዴት ታጠባለች?

ታሌኳ የተባለችውን እናት ኦርካ አስታውሷት። በ2018 የወለደቻት ግልገል ብዙም ሳትቆይ ሞተችባት፤ ሬሳውን በግንባሯ እየገፋች 17 ቀን ዋኘች። በ2025 መጀመሪያ ላይ ሌላ ግልገሏ ሞቶ እንደገና ተሸክማ ታየች። በዱር የቀሩት ደቡባዊ ነዋሪ ኦርካዎች በአጠቃላይ 75 ገደማ ናቸው። ከእነርሱ መካከል መውለድ የሚችሉትን ቁጠራቸው። ከዚህ በኋላ እንቅረብ የሚል አፍ የለኝም።

ጋሽ ተስፋዬ፦
ልጆቼ፣ ሁለታችሁም ልክ ናችሁ፤ ነገር ግን የራቡት በጀልባ ብቻ አይደለም። እነዚህ ኦርካዎች በዋናነት የሚበሉት ቺኑክ የተባለውን ትልቁን የሳልሞን ዓሣ ነው። ሳልሞኑ ደግሞ ለመራባት ወደ ወንዝ መውጣት አለበት፤ በታችኛው ስኔክ ወንዝ ላይ ብቻ አራት ግድቦች ቆመውበታል። እኔ ለሕዳሴ ግድብ ቦንድ የገዛሁ ሰው ነኝ፤ ግድብ ጠልቼ አይደለም የምናገረው። የእነዚህን አራቱን ጥቅም ከጉዳታቸው ጋር መመዘን ግን ይገባል። ከ2011 እስከ 2014 የኤልዋ ወንዝ ሁለት ግድቦች ሲፈርሱ ሳልሞኑ ለመቶ ዓመት ተዘግቶበት ወደነበረው ውኃ ተመልሷል። ርቀት መጠበቅ ጊዜ ይገዛልን ይሆናል፤ ዓሣ ግን አይሆንም።

ሂሩት፦
ጋሽ ተስፋዬ፣ ስለ ግድቦቹ ከእርስዎ ጋር ነኝ። ዳዊት፣ «በቅርብ ያየ ይቆረቆራል» ያልኸው ግን አላሳመነኝም። በ1970 ፔን ኮቭ በተባለው የባሕር ወሽመጥ ኦርካዎቹን በመረብ ከብበው ግልገሎቹን የወሰዱት ለምን ነበር? ሰው ከፍሎ በቅርብ እንዲያያቸው ነው። ከእነርሱ አንዷ ቶኪታይ ማያሚ ውስጥ በገንዳ ከ50 ዓመት በላይ ኖራ በነሐሴ 2023 እዚያው ሞተች። በእነዚያ ዓመታት የተወሰዱት ግልገሎች ዛሬ እናቶችና አያቶች በሆኑ ነበር። ሁልጊዜ ሰበባችን ማየት ነው።

ደግሞም ማየት አልተከለከለም። አቆስጣና የባሕር አንበሳ የሚያድኑት ቢግስ የተባሉት ኦርካዎች ቁጥራቸው እየጨመረ ነው፤ ይህ የ1,000 ያርድ ገደብ እነርሱን አይመለከትም። እኛም ከሰዓት በኋላ ሃምፕባክ ዓሣ ነባሪ አየን። ትንፋሹ እንደ ጭስ ወደ ላይ ሲወጣ እናቴ እጄን ጨምቃ ይዛ ረጅም ጊዜ አልለቀቀችኝም። ነዋሪዎቹንም ቢሆን በሳን ህዋን ደሴት «ላይም ኪልን» በተባለው የባሕር ዳርቻ ቆሞ መጠበቅ ይቻላል። አንዳንድ ቀን ከዓለቱ ሥር ያልፋሉ፤ ሞተር የለ፣ ትኬት የለ።

ዳዊት፦
የቶኪታይን ታሪክ አላውቀውም ነበር፤ አንብቤው ከባድ ሌሊት አሳለፍሁ። በመጪው ወር ልጆቼን ይዤ ወደ ዳርቻው እሄዳለሁ፤ እናትሽ ካልተመለሱ አብረን እንሂድ። ስለ ጭነት መርከቦቹ ያነሣሁትን ጥያቄ ግን አልተውሁም፤ እስካሁን አንዳችሁም አልመለሳችሁልኝም።