ሁለት ኢንተርኔት ያለው ሰርቨር፦ በሁለተኛው መስመር ለሚመጣ ጥያቄ መልስ አይወጣም

ጠያቂ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ኡቡንቱ 22.04 ያለበት ሰርቨር ከሁለት አቅራቢዎች መስመር ገብቶለታል። ኢቲኤች0 በተባለው የኔትወርክ ካርድ ላይ 192.0.2.10፣ ጌትዌዩ (ወደ ውጭ የሚያወጣው በር) 192.0.2.1፤ ኢቲኤች1 ላይ 198.51.100.10፣ ጌትዌዩ 198.51.100.1። ዌብሳይቱ ከውጭ በመጀመሪያው አድራሻ ይከፈታል፣ በሁለተኛው ግን አይከፈትም። ዲፎልት ራውቱን (ሌላ መንገድ ያልተሰጠው ሁሉ የሚወጣበትን) ወደ ሁለተኛው ሳዞረው ነገሩ ይገለበጣል። ፋየርዎሉ ክፍት ነው። ሁለቱም ባንድ ጊዜ እንዲሠሩ ምን ላድርግ?

መልስ 1፦ መገለባበጡ ራሱ ምክንያቱን ይናገራል። ሊኑክስ መልስ ሲልክ ጥያቄው በየትኛው ካርድ እንደገባ አያይም፤ መድረሻውን አይቶ በዲፎልት ራውት ያስወጣዋል። ከ198.51.100.10 የሚነሳው መልስ በኢቲኤች0 ሲወጣ ደግሞ አቅራቢው የራሱ ያልሆነ የመነሻ አድራሻ ስለሚያይ ይጥለዋል። ቲሲፒደምፕን (የሚያልፉ ፓኬቶችን የሚያሳየውን መሣሪያ) ኢቲኤች0 ላይ ክፈት፤ መልሱ የሁለተኛውን አድራሻ ይዞ ሲወጣ ታየዋለህ።

ለየመስመሩ የራሱ የራውቲንግ ሠንጠረዥ ስጠው። ሠንጠረዥ 100 ውስጥ ዲፎልት በ192.0.2.1፣ 200 ውስጥ ዲፎልት በ198.51.100.1። የየካርዱን የቅርብ ኔትወርክም እዚያው ጨምር፤ ያለዚያ አጠገብህ ላለ ማሽን የሚሄደው ሁሉ በጌትዌይ ይዞራል። ቀጥሎ የትኛው ፓኬት የትኛውን ሠንጠረዥ እንደሚከተል የሚወስኑ ሁለት ሩል፦ ከ192.0.2.10 የተነሳ ወደ 100፣ ከ198.51.100.10 የተነሳ ወደ 200። የሩሎቹ ቅድሚያ ቁጥር ከ32766 ማነስ አለበት፣ ዋናው ሠንጠረዥ የሚነበበው እዚያ ላይ ነውና። 1000 እና 1001 ይበቃሉ። ዋናው ሠንጠረዥ ውስጥ ሁለቱንም ዲፎልት በሜትሪክ (የምርጫ ደረጃ፣ አነስተኛው ይቀድማል) 100 እና 200 ተዋቸው።

ጠያቂ፦ ሠራ፣ እግዜር ይስጥልኝ! ዶከር ውስጥ (ፕሮግራምን በኮንቴይነር ለይቶ በሚያስኬደው) ያለው አገልግሎት ግን አሁንም በሁለተኛው መስመር አይመልስም።

መልስ 2፦ የኮንቴይነሩ መልስ ራውት ሲፈለግለት መነሻው ገና 172.17 የሚጀምረው የውስጥ አድራሻ ነው፤ ወደ 198.51.100.10 የሚቀየረው ከዚያ በኋላ ስለሆነ ሩልህ አያገኘውም። ኮንማርክ፣ ማለትም በግንኙነቱ ላይ የሚደረግ ምልክት፣ ያስፈልግሃል። በኢቲኤች1 የገባውን ግንኙነት 2 ብለህ ምልክት አድርግበት፣ ምልክቱን ከዶከር ብሪጁ (ኮንቴይነሮቹን ከሰርቨሩ ጋር ከሚያገናኘው የውስጥ ካርድ) በሚመጣው ፓኬት ላይ መልሰህ አድርግ፣ ከዚያ «ምልክቱ 2 የሆነ ወደ 200» የሚል ሩል ጨምር። ምልክቱን ብሪጁ ላይ ብቻ መልሰህ አድርግ። በሁሉም ካርድ ላይ ካደረግኸው ከውጭ የሚገባው ፓኬትም 200ን ይከተልና ኮንቴይነሩ ጋ ሳይደርስ ወደ ጌትዌይ ይመለሳል። አርፒ ፊልተርም (የገባው ፓኬት መነሻ አድራሻ ትክክለኛ መሆኑን የሚፈትሸው የከርነል ቅንብር) 2 መሆን አለበት፤ 1 ከሆነ ፓኬቱ ገና ሲገባ በዝምታ ይጣላል። ከርነሉ «ኦል» (ለሁሉም ካርድ) ከሚለውና ከካርዱ ዋጋ ትልቁን ስለሚወስድ «ኦል»ን 2 ማድረግ ይበቃል።

መልስ 3፦ በእጅ የገባው ሁሉ ሪስታርት ሲሆን ይጠፋል። ራውቶቹንና ሩሎቹን ኔትፕላን (የኡቡንቱ ኔትወርክ ማስተካከያ) ፋይል ውስጥ ከየካርዱ ሥር ጻፋቸው፤ የኮንማርኩ ሕግ ግን እዚያ አይገባም፣ ለብቻው ከአይፒቴብልስ (የሊኑክስ ፋየርዎል) ሕጎች ጋር ይቀመጥ። ሰርቨሩ ሩቅ ከሆነ «ኔትፕላን አፕላይ» ሳይሆን «ኔትፕላን ትራይ» በል፤ በ120 ሰከንድ ውስጥ ካላጸደቅኸው ወደ ነበረበት ይመልሰዋል።

ሜትሪክ ደግሞ መጠባበቂያ እንዳይመስልህ። ሞደሙ በርቶ ከጀርባው ኢንተርኔቱ ቢቋረጥ ካርዱ እንደተያያዘ ስለሚቆይ ዲፎልቱ አይቀየርም። ከሁለቱም አድራሻ በየጊዜው ወደ ውጭ ፒንግ እያደረገ ዲፎልቱን የሚያዞር አጭር ስክሪፕት አዘጋጅ።