የማሲንቆን ድምፅ ተከትላ የምትሄድ ታንኳ፦ ፒቹን (የድምፁን ቅጥነትና ውፍረት) እንዴት ልያዘው?

የሽንብጧ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ባሕር ዳር ነኝ፣ በብሌንደር (የ3ዲ አኒሜሽን ፕሮግራም ነው) አጭር አኒሜሽን እየሠራሁ ነው። ጣና ላይ አንዲት የደንገል ታንኳ አለች፣ ዳር ላይ አንድ አዝማሪ ቁጭ ብሎ ማሲንቆ ይመታል። ድምፁ ሲቀጥን ማዕበሉ ታንኳዋን ከፍ ያደርጋታል፣ ሲወፍር ዝቅ ትላለች። ኪፍሬም (የታንኳዋን ቦታ በየቅጽበቱ የሚወስን ምልክት) በእጄ እያስቀመጥኩ መሥራት አልፈልግም። እንቅስቃሴው ከዜማው ከራሱ ካልወጣ አዝማሪው ለብቻው፣ ታንኳዋም ለብቻዋ ነው የሚሆኑት።

ማሲንቆውን በስልክ ቀዳሁት። በፓይተን ኮድ ኤፍኤፍቲ (ድምፅን ወደ ፍሪኩዌንሲዎቹ የሚበትን ስሌት) ሠርቼ ከሁሉም ጎልቶ የወጣውን ፍሪኩዌንሲ ለየፍሬሙ እወስዳለሁ። ግን ታንኳዋ ትዘላለች! ዜማው በዝግታ እየወረደ ሳለ ድንገት እጥፍ ከፍታ ላይ ትወጣና ትመለሳለች። ጣቱ ክሩ ላይ ሲንሸራተት የሚሰማው ለስላሳ ነገር ደግሞ ስክሪን ላይ ደረጃ ደረጃ ሆኖ ይታያል። ላፕቶፔ 8 ጊጋ ራም ነው፣ ግራፊክስ ካርድ የለውም። ምን ትመክሩኛላችሁ?

የማታ ሬንደር፦
ብሌንደር ራሱ ድምፅን ወደ ከርቭ (የእንቅስቃሴ መስመር) የሚቀይር ነገር አለው እኮ፣ ግራፍ ኤዲተር ውስጥ። ፋይሉን ትሰጪዋለሽ፣ ከዚህ እስከዚህ ፍሪኩዌንሲ ትይዋለሽ፣ አለቀ። ፓይተን ለምን አስፈለገ?

ዓባይ ማዶ፦
@የማታ ሬንደር ያ የሚለካው ሌላ ነገር ነው። በመረጥከው ክልል ውስጥ ድምፁ ምን ያህል ጉልበት እንዳለው ይነግርሃል እንጂ ዜማው የት እንዳለ አይነግርህም። ለከበሮ በጣም ጥሩ ነው። እዚህ ግን አዝማሪው ጮክ ብሎ ወፍራም ድምፅ ቢመታ ታንኳዋ ወደ ላይ ትወጣለች፣ እሷ የምትፈልገው ደግሞ ተቃራኒውን ነው።

@የሽንብጧ እህቴ፣ መዝለሉ ከማሲንቆው ጠባይ የሚመጣ ነው። የፈረስ ጭራ ክር በፈረስ ጭራ ደጋን ሲፈተግ ከመሠረቱ ድምፅ ጋር እጥፉ፣ ሦስት እጥፉ፣ አራት እጥፉ አብረው ይወጣሉ። ጆሯችን ሁሉንም እንደ አንድ ድምፅ ይሰማቸዋል፣ ኤፍኤፍቲ ግን ለየብቻ ያስቀምጣቸዋል። እጥፉ ከመሠረቱ ሊበልጥ ይችላል፣ የስልክ ማይክ ደግሞ ወፍራሙን ስለሚያሳንሰው ይብስበታል። ደረጃው የመጣው ከስሌቱ ነው። በሰከንድ የሚቀዳውን 44100 ሳምፕል (የድምፅ ናሙና) በአንዴ ለሚተነተነው የ2048 መስኮት ብታካፍዪ የኤፍኤፍቲው እርምጃ 21.5 ሄርዝ ይሆናል፣ 220 ሄርዝ አካባቢ ግን የግማሽ ድምፅ (ሴሚቶን) ርቀት 13 ሄርዝ ብቻ ነው። ለስላሳውን መንሸራተት በዚህ ልትይዢው አትችዪም።

ዪን የሚባለውን ዘዴ ተጠቀሚ፣ በ2002 የወጣ ነው። ሞገዱን ትንሽ አዘግይቶ ከራሱ ጋር ያስተያየዋል፣ ልዩነቱ በጣም የሚያንስበትን መዘግየት ሲያገኝ የሞገዱን ዙር አገኘ ማለት ነው። በ2014 የመጣው ፒዪን ደግሞ ለእያንዳንዱ ቅጽበት ብዙ ግምት ይይዝና በጊዜ ውስጥ ይሆናል የሚባለውን መንገድ ይመርጣል፣ ስለዚህ ለቅጽበት እጥፉ ላይ ዘሎ የመመለሱ ነገር በጣም ይቀንሳል። ሊብሮሳ በሚባለው የፓይተን የድምፅ ላይብረሪ ውስጥ ተዘጋጅቶ አለ። ትንሽ ያዘግማል እንጂ ያለ ግራፊክስ ካርድ ይሠራል። የፍለጋውን ዝቅተኛና ከፍተኛ ወሰን በዚያ ማሲንቆ ልክ አጥብቢለት፣ ትልቅ ለውጥ ታያለሽ።

ድምፁን በሰከንድ 48000 ሳምፕል አድርጊውና አኒሜሽኑን በ24 ፍሬም ሥሪ። በአንድ ፍሬም በትክክል 2000 ሳምፕል ይደርሳል፣ በየ500 ሳምፕሉ ብትለኪ አራት ውጤት ታገኛለሽ፣ የእነሱን መካከለኛ ውሰጂ። ሊብሮሳ ፋይሉን ሲከፍት ዝም ካልሽው ወደ 22050 ስለሚያወርደው 48000 በዪው።

ከዚያ ሄርዙን እንዳለ ለታንኳዋ አትስጫት። ከ200 እስከ 400 እና ከ400 እስከ 800 ለጆሮ እኩል ርቀት ነው፣ ስለዚህ ወደ ሎግ (ሎጋሪዝም) ቀይሪው። የተለመደውን የመቃኛ ድምፅ 440 ሄርዝንም መነሻ አታድርጊ፣ አዝማሪ ክሩን የሚቃኘው ለራሱ ጉሮሮ ነው። ዜማው የሚያርፍበትን ድምፅ ፈልጊና ከእሱ ምን ያህል እንደራቀ ለኪ። አንድ ነገር ደግሞ አደራ፣ ከርቩ እንዲያምር ብለሽ ወደ አምስቱ የቅኝት ድምፆች እንዳትጎትቺው። ትዝታም ይሁን ባቲ፣ የማሲንቆ ነፍስ ያለው በድምፆቹ መሀል ባለው መንሸራተትና መንቀጥቀጥ ነው። እሱን ከገደልሽው ታንኳዋ ደረጃ ትወጣለች እንጂ አትንሳፈፍም።

የሽንብጧ፦
እግዜር ይስጥልኝ! ፒዪኑን ሞከርኩት፣ ዝላዩ ጠፋ። ግን ደጋኑ አቅጣጫ ሲቀይርና አዝማሪው ሲያርፍ ባዶ ይሰጠኛል፣ ብሌንደርም ባዶውን አይቀበልም። ዜሮ ላድርገው? በኋላ ክራርም ልጨምር አስቤያለሁ።

ዋሽንት ነፊው፦
ዜሮ አታድርጊ፣ ታንኳዋ ወደ ሐይቁ ወለል ትወርድብሻለች። ፒዪን ከፒቹ ጋር ድምፁ በእርግጥ ዜማ የመሆኑን ዕድል ከ0 እስከ 1 ይሰጥሻል። ያንን ቁጥር የፒቹ መጎተቻ ኃይል አድርጊው። 1 ሲሆን ታንኳዋ ዜማውን ትከተል፣ ሲቀንስ ቀስ ብላ ወደ ውሃው ልክ ትመለስ። የደጋኑን አጭር ክፍተት ግን ከበፊቱና ከኋላው ባለው ዋጋ አያይዢው፣ ማንም ዕረፍት ብሎ አይሰማውም።

ክራሩ በዚህ መንገድ አይሆንም። አምስት ስድስት ክር አንዱ ሳይጠፋ ሌላው ይመታል፣ ዪን ደግሞ በአንድ ጊዜ አንድ ድምፅ ብቻ ነው የሚያውቀው። ከክራር ፒቹን ትተሽ ክሩ የተመታበትን ቅጽበት ውሰጂ፣ በእያንዳንዱ ምት አንድ ፔሊካን ከውሃው ይነሳ። እዚህ ላይ የማታ ሬንደር ያለው የብሌንደር መሣሪያ በደንብ ይጠቅምሻል። ብቻ ክራሩን ለብቻው ቅጂው፣ ከማሲንቆው ጋር አንድ ፋይል ውስጥ ከገባ ሁለቱንም ታጪያለሽ።

የማታ ሬንደር፦
ገባኝ፣ አመሰግናለሁ። ይሄን ሕዝብ ፊት በቀጥታ ማድረግስ ይቻላል?

ዓባይ ማዶ፦
ይቻላል፣ ግን በሊብሮሳው ፒዪን አይደለም፣ እሱ መንገዱን የሚመርጠው ቅጂውን እስከ መጨረሻ አይቶ ነው። አውቢዮ በሚባለው ላይብረሪ ውስጥ ያለውን ዪን ወይም ፒውር ዳታ የሚባለውን የድምፅ ፕሮግራም ሞክር። በ44100 የ2048 መስኮት ብቻውን 46 ሚሊሰከንድ ይወስዳል፣ የሳውንድ ካርዱ ሲጨመር ለፈጣን ነገር ይዘገያል። ለታንኳ ግን ይበቃል፣ ማዕበል ራሱ አይቸኩልም። ማይኩን ማሲንቆው አጠገብ አድርገው፣ የሐይቁ ነፋስና የባጃጁ ጩኸት ከገባ መለኪያው እሱንም ዜማ ሊለው ይችላል።